ዘይት የጠጣው አፈር እንዲያገግም
ከሳን ሆዜ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተቃጠለ ዘይትን ስለ መሰብሰብና የተበከለ አፈርን በባክቴሪያ ስለ ማከም

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ የምኖር፣ በመካኒክነት የማድር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበረ ጋራዥ ነው። ዛሬም የምሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ የተለየው ከሞተር የወረደው ዘይት የሚሄድበት ቦታ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ዘይት ነው። ጥያቄዬ ሁለት ክፍል አለው። ከጋራዦችና ከላቫጆዎች የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት መሬት ሳይነካ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ እስከ ዛሬ ዘይት የጠጣው አፈር ደግሞ ዘይት በሚመገቡ ባክቴሪያዎች እንዲታከም አነስተኛ የሙከራ ሥራ ይጀመር። ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅም አጥብቄ እለምናለሁ። መሰብሰቡ ካልቀደመ ባክቴሪያው ብቻውን የትም አያደርሰንም።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያስጠገነ ሰው ሁሉ የጋራዥን መሬት ያውቀዋል። ከሞተሩ ሥር ያለው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ጎኑ ወደተቆረጠ ጀሪካን ይወርዳል። ጀሪካኑ ሲሞላ የተረፈው መሬት ላይ ይፈሳል። ፊልትሮው ተፈትቶ ጥግ ላይ ይጣላል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት እያደር ይንጠባጠባል። በፈሰሰው ላይ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል፤ ሰጋቱራው ዘይቱን ከመጠጠ በኋላ ተጠርጎ ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል፣ አለዚያም ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ያንን ግቢ በአካፋ ብትቆርጡት ከላይ የደደረ ጥቁር ቅርፊት፣ ከሥሩ ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ሣር የማያበቅል አፈር ይወጣል።

ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ይነሣል። ጎርፉ ዘይቱን እያጠበ በየቱቦው ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ላይ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃም ለመዲናዋ ሕዝብ ከሚደርሰው የመጠጥ ውሃ ጉልህ ድርሻ አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለሕዝብ በሚያሠራጨው ማስገንዘቢያ ከአንዲት መኪና አንድ ጊዜ የሚቀየር ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ንጹህ ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ይገልጻል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። የእኛ መካኒኮች ዘይት የሚያፈስሱት በግዴለሽነት ብቻ አይደለም። የተቃጠለ ዘይት በአገራችን ገበያ አለው። አጥር የሚያጥረው ሰው ምስጥ እንዳይበላበት እንጨቱን ይቀባበታል። ግንበኛው ኮንክሪቱ ከፎርሙ እንዲላቀቅለት ይገዛዋል። ለማገዶነት የሚያቃጥለውም አለ። ስለዚህ ሰብስቡ ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። በሕጋዊ መንገድ የሚሰበስበው አካል ከእነዚህ ገዢዎች የተሻለ ዋጋ ካላቀረበ ዘይቱ ተመልሶ መሬት ላይ መፍሰሱና ሰማይ ላይ መጨሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ልምጣ። ዘይት ከምድር ውስጥ የወጣ ነገር በመሆኑ በተፈጥሮ ሲያፈተልክ ኖሯል፤ በካርቦንና በሃይድሮጅን የተሠራውን ይህን ነገር ምግብ ማድረግ የሚችሉ ባክቴሪያዎችም አብረውት ኖረዋል። ሱዶሞናስ፣ ሮዶኮከስ፣ አሲኔቶባክተር የሚባሉት ወገኖች በየአፈሩ ይገኛሉ። ሳሙና መሰል ነገር አመንጭተው ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትኑታል። ከዚያ በኢንዛይማቸው አማካይነት ኦክስጅን እየጨመሩበት ይቆራርጡታል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና የባክቴሪያዎቹ የራሳቸው አካል ነው። ቀጥ ያሉትን ቀላል ሰንሰለቶች ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ቀለበት የሠሩትና ሬንጅ መሰሎቹ ክፍሎች ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ።

ዘይት በፈሰሰበት አፈር እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀድሞውኑ አሉ። የጎደላቸው ሌላ ነው። ዘይት ካርቦን እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አይሰጣቸውም፤ በደደረ መሬት ውስጥ አየር የለም፤ በበጋ ደግሞ እርጥበት ያጣሉ። ሊጥ የሚያቦካው እርሾ ቤት ውስጥ እያለ፣ ዱቄቱ ውሃና ሙቀት ካላገኘ እንጀራ እንደማይሆን ማለት ነው። አፈሩን ቆፍሮ ማገላበጥ፣ በልኩ ማርጠብ፣ ገበሬው የሚያውቃቸውን ዩሪያና ኤንፒኤስ መጨመር የዚህ ሕክምና ዋና ሥራ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ልክ ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ነው።

የምኖርበት አካባቢ የዚህ እውቀት አንዱ መፈተኛ ሆኖ ቆይቷል። ከሳን ሆዜ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ከመሬት በታች ያፈሰሱ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎችን መዝገብ መረመረ። ከ270 በላይ ቦታዎች ተጠኑ። ቤንዚን የያዘው የተበከለ ውሃ በአብዛኞቹ ቦታዎች ከ80 ሜትር ገደማ አልፎ እንደማይሄድ ታየ። ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በየመንገዱ እየበሉት መሆኑ ነበር። ብዙ ገንዘብ ከሚፈጀው የቁፋሮና የፓምፕ ሥራ ይልቅ ምንጩን ማስወገድና የተፈጥሮን ሥራ በቅርብ መከታተል በብዙ ቦታ ይበቃል የሚለው ሐሳብም ከዚያ ወዲህ ተጠናከረ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ያው መሬት ሌላ ትምህርት ሰጠ። ቤንዚን ንጹህ ሆኖ እንዲቃጠል ተብሎ ኤምቲቢኢ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበት ነበር። ይህን ኬሚካል የአፈር ባክቴሪያዎች እንደ ቤንዚን በቀላሉ አልበሉትም። በውሃ ውስጥ እየሟሟ ርቆ ሄደ፤ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶችንም አስዘጋ። የካሊፎርኒያ ገዥ ግሬይ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከቤንዚን እንዲወጣ አዘዙ። በሌላ አነጋገር፣ ባክቴሪያ ሁሉን አይበላም። ምን እንደፈሰሰ ሳያውቁ ባክቴሪያ ያጸዳዋል ብሎ መተማመን አደጋ አለው።

በበርክሊ ያለው የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ሲፈነዳ፣ በቴሪ ሄዘን የሚመራው የላቦራቶሪው ቡድን ከ1,100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውሃ ቀድቶ መረመረ። በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ዘይቱ በደረሰበት ውሃ ተባዝተው አገኛቸው። ማንም አላመጣቸውም፤ የዚያው ባሕር ተወላጆች ነበሩ።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ በጠርሙስና በከረጢት የሚሸጡ ነጋዴዎች በየአገሩ አሉ፤ የእናንተንም በር ማንኳኳታቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 11 ሚሊዮን ጋሎን ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ በባሕር ዳርቻው ማዳበሪያ ተረጨ፤ የአካባቢው ባክቴሪያዎች ሥራም ፈጠነ። በጠርሙስ የመጡት ባክቴሪያዎች ግን እዚያው ሲሞከሩ ከአገሬዎቹ የተሻለ ውጤት አላሳዩም። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባሉት የሕንድ ተወላጅ ሳይንቲስት በላቦራቶሪ ያዳቀሉት ባክቴሪያም እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የፈጠራ መብት አስገኝቶላቸው ስሙ ቢገንንም፣ ሜዳ ወጥቶ ዘይት ለማጽዳት አልዋለም። ገንዘባችን ውድ ነው። ለጠርሙስ ከመክፈል ለአካፋ፣ ለማዳበሪያና ለምርመራ ብንከፍለው ይሻላል።

ወሰኑንም ልናገር። የተቃጠለ ዘይት ንጹህ ዘይት አይደለም። ሞተሩ ሲፋቅ የሚወጡ ብረቶች፣ ለጥበቃ ተብሎ የተጨመረ ዚንክ፣ አንዳንዴም እርሳስና ካድሚየም ይገኙበታል። ባክቴሪያ ዘይቱን ይበላዋል፤ ብረቱን ግን አያጠፋውም። በሳን ሆዜ መሐል የሚያልፈው የጉዋዳሉፔ ወንዝ ለዚህ ምስክር ነው። ከበላዩ ኒው አልማደን የሚባል የቆየ የሜርኩሪ ማዕድን ማውጫ ነበረ። ሜርኩሪው ዛሬም በደለሉ ውስጥ አለ። አየር በሌለው ደለል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለውጡታል፤ እሱም በዓሣ አካል ውስጥ ይከማቻል። እዚህ ላይ ባክቴሪያው መርዙን አባባሰው እንጂ አላጸዳውም። ስለዚህ አፈሩ ከመታከሙ በፊት የብረት ምርመራ ይደረግለት። ከታከመ በኋላም የእርሳስ መጠኑ ያልታወቀ አፈር ጎመን አይተከልበት።

ሌላው ወሰን የዘይቱ መጠን ነው። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ50 ግራም በላይ ዘይት ሲኖር ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይመርዛቸዋል። እንዲህ ያለው አፈር ከንጹህ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ልኩ ካልወረደ ሥራው አይጀመርም። ጊዜም ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ኮስኮ ቡሳን የተባለች መርከብ ከቤይ ብሪጅ ድልድይ ተላትማ ከ53,000 ጋሎን በላይ ከባድ ነዳጅ ስታፈስ ሺዎች ወፎች ሞቱ። ያን ጊዜ ባክቴሪያ እስኪበላው የጠበቀ የለም፤ ሕዝቡና ሠራተኛው በእጁ ነው የለቀመው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንላለን፤ የፈሰሰ ዘይት ከዚያም ይብሳል።

ለዚህ ነው መሰብሰቡ ይቅደም የምለው። እዚህ ስሠራ ዘይቱ ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ባለጎማ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ፊልትሮው ይበሳና በወንፊት ላይ ተዘቅዝቆ እስኪንጠፈጠፍ ይቆያል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ፈቃድ ያለው መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ የወሰደውም መጠን በወረቀት ይፈረማል። ቤቱ ዘይት የሚቀይር ሰው ቢሆን ከተማው በነፃ በሚያድለው ጀሪካን ሞልቶ ከቆሻሻው ጋር በሩ ላይ ያስቀምጠዋል። በየመንገዱ ዳር ባለው የጎርፍ ቱቦ አፍ ላይ ምንም እንዳይደፋበት፣ ውሃውም ወደ ባሕረ ሰላጤው እንደሚሄድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ፤ ምክንያቱም ያ ቱቦ ወደ ማጣሪያ አይገባም።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን አልተገነባም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ መሠረት ዘይት አምራቹ በሚሸጠው በእያንዳንዱ ጋሎን ላይ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ ላይ ዘይት ለሚቀበሉ ጣቢያዎች ድጎማ ይሰጣል፤ ጣቢያዎቹም ለሚያመጣ ሰው በጋሎን 40 ሳንቲም እንዲያቀርቡ ይጠበቃል። የተሰበሰበው ዘይት አይጣልም፤ ተጣርቶ እንደገና የሞተር ዘይት ሊሆን ይችላል። ሞተር ዘይትን ያቆሽሸዋል እንጂ አይጨርሰውም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የመጣውም ከጉዳት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ሳን ሆዜ በነበረ የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ከመሬት በታች ያለ የኬሚካል ማጠራቀሚያ ማፍሰሱ ታወቀ፤ በአቅራቢያው ያለ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድም ተዘጋ። ከተማዋ የምትገኝበት የሳንታ ክላራ ካውንቲ በፌዴራል መንግሥቱ ቅድሚያ በተሰጣቸው የተበከሉ ቦታዎች ብዛት ከአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል። እነዚያን ቦታዎች ማጽዳት ከአርባ ዓመት በኋላም አላለቀም። እኛ ያን ያህል የሚከፈል ገንዘብ የለንም፤ ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል።

የተከበራችሁ፣ ሕጉ በእጃችሁ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሥራ ላይ ያሉ ሕጎች ናቸው። የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም፤ የሚከተሉት ተግባራት እንዲጀመሩ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ክፍለ ከተማ ተመርጦ በውስጡ ያሉ ጋራዦችና ላቫጆዎች ይመዝገቡ። ለእያንዳንዱ ክዳን ያለው በርሜል፣ ከሥሩ የሚቀመጥ ሰፊ ትሪና የፊልትሮ ማንጠፍጠፊያ ይሰጠው። ቅጣቱ ከመሣሪያው በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ወደ አገር በሚገባው የሞተር ዘይት ላይ በሊትር አነስተኛ ክፍያ እንዲጣልና ለሰብሳቢዎች እንዲውል ለሚመለከታቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሐሳብ አቅርቡ። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ከየጋራዡ ዘይት እየገዙ ቢሰበስቡ ሥራም ይገኝበታል።

ሦስተኛ፣ ከተዘጉ የጋራዥ ግቢዎች አንዱ ለሙከራ ይሰጥ። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ በወፍራም ላስቲክ ላይ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ሦስት መደቦች ይዘርጋ። የመጀመሪያው ምንም ሳይነካ ይተው፤ ሁለተኛው ይገላበጥና ይርጠብ፤ ሦስተኛው ከመገላበጡና ከማርጠቡ ሌላ ዩሪያ፣ ኤንፒኤስና ጭድ ይጨመርበት። የአቃቂና የቦሌ አካባቢ መሬት አየር የማያስገባ መረሬ አፈር ስለሆነ ጭዱ ያላላዋል። ሥራው ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ይጀመርና እስከ ግንቦት ይቀጥል፤ ዝናብ ከመግባቱ በፊት መደቦቹ ይሸፈኑ፣ ዳር ዳራቸውም ይከተር። በየወሩ ናሙና ይወሰድ። ሦስቱን መደቦች ጎን ለጎን ማስተያየት ሥራው መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ያለ ክርክር ያሳያል።

አራተኛ፣ ይህን ለመሥራት ሰው ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች አሉ። የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የአገራችንን ረቂቅ ተሕዋስያን ይጠብቃል። በጋራዦቻችን አፈር ውስጥ ዘይት መብላት የተማሩት ባክቴሪያዎች ተለይተው በዚያው ይቀመጡ። በጠርሙስ የሚመጣ ምርት ካለ ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን ተፈትኖ ካልበለጠ አይገዛ።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በየጋራዡ በር ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይለጠፍ። መካኒኩ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው።

ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተከለከለ ችግሩ በራሱ ይጠፋል የሚል ሊኖር ይችላል። አይጠፋም። በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ እያረጁ በሄዱ ቁጥርም ዘይት ማፍሰሳቸው ይጨምራል። የጠቆረውን አፈር ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና አያነጣውም።

በሳን ሆዜ፣ በኦክላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ከመካከላችን ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ መኪና የሚጠግኑ፣ በላቦራቶሪ የሚሠሩ፣ በውሃ ማጣሪያ የሚያገለግሉ አሉ። አልቪሶ ያለው የሳን ሆዜና የሳንታ ክላራ የፍሳሽ ማጣሪያ በየቀኑ ከ100 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ፍሳሽ የሚያጣራው በባክቴሪያ ኃይል ነው። እዚህ የምናየውን አሠራር ወደ አገራችን ቋንቋ መልሰን ለመካኒኮቻችን ማሠልጠኛ ማድረግ እንችላለን። ለናሙና ምርመራ የሚያስፈልገውን ወጪ ለመሸፈን ማዋጣትም እንችላለን። ባለሥልጣኑ በሩን ከከፈተ እኛም እጃችን ባዶ አይምጣ።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የጠየቅሁት ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። አንድ ክፍለ ከተማ፣ አንድ የተዘጋ ግቢ፣ ሦስት መደብ አፈርና በየጋራዡ አንድ በርሜል ነው። ይህን ለመጀመር ፈቃደኛ መሆናችሁን በይፋ ብታሳውቁን፣ የሚቀጥለው ጥቅምት ሳያልፍ የመጀመሪያው አካፋ መሬት እንዲነካ በሙያዬም በገንዘቤም ለመርዳት ዝግጁ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ከሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ
አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን
ለባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት
በአዲስ አበባ ለሚገኙ የጋራዥና የላቫጆ ባለቤቶች
በሳን ሆዜ፣ በኦክላንድና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን